«እማዬ፣ አልመጣልኝም» ሲሉን

 

ዛሬ ልናወጋችሁ የመረጥነው ጉዳይ በደማምና በኮባር በየቤቱ ተበታትነን የምንሠራውን ሁሉ የሚነካ ነው። ይኸውም የልጆቻችንና የታናናሾቻችን የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። ከመካከላችን ልጇን በእናቷ እጅ ትታ የመጣች አለች። ወንድሟንና እኅቷን ለማስተማር ስትል የራሷን ደብተር አስቀምጣ የወጣችም አለች። የሁላችን ሐሳብ ግን አንድ ነው፤ «እኔ ያላገኘሁትን እነሱ ያግኙት» የሚል። ውጤት በሚወጣበት ሰሞን እጃችን ሰሐን እያጠበ ልባችን ስልኩ ላይ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ውጤቱ ሲያምር ደስታውን እናውቅበታለን፤ እልል እንላለን፣ ለወዳጅ እንደውላለን። ሳይመጣ ሲቀር ግን ምን እንደምንል፣ ልጁን እንዴት እንደምናጽናና፣ ገንዘባችንንም ወዴት ብናዞረው እንደሚሻል ብዙም አንመካከርም። ሁላችንም በየኩሽናችን ለብቻችን እናለቅሳለን። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ የምናውቀውን በግልጽ ቋንቋ እናቀርብላችኋለን።

ሁለት ቤት፣ አንድ ጭንቀት

የምንሠራባቸው ቤቶችም ይህን ጭንቀት ያውቁታል። የቤቱ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ «ቁዱራት» እና «ተሕሲሊ» የሚባሉትን ፈተናዎች ይወስዳል። በማዕድ ላይ ሲያወሩ እነዚህን ቃላት ያልሰማች እኅት አትኖርም። አንዱ ልጅ ዳህራን ያለውን የንጉሥ ፋህድ የነዳጅና የማዕድናት ዩኒቨርሲቲ ይመኛል፤ ሌላዋ እዚሁ ደማም የሚገኘውን የኢማም አብዱራሕማን ቢን ፈይሰል ዩኒቨርሲቲን ትመኛለች። የዳህራኑ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በ1963 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሴቶችን በመጀመሪያ ዲግሪ መቀበል የጀመረው በ2021 እ.ኤ.አ. ነው። ልጁ ወይም ልጅቷ የተቀበሉ ቀን ቤቱ በእንግዳ ይሞላል፤ ቃህዋውን የምናፈላው፣ ተምሩን የምናቀርበው እኛ ነን። ያልተቀበሉ ቀን ደግሞ ቤቱ ዝም ይላል፤ ማዳምም በትንሹ በትልቁ ትቆጣለች።

ይሁን እንጂ በሁለቱ ቤቶች መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሳይንስ የሚማር የሳዑዲ ተማሪ በወር 1,000 ሪያል ያህል የኪስ ገንዘብ ከመንግሥት ይሰጠዋል። ከእኛ ብዙዎቻችን ወር ሙሉ ሠርተን የምንቀበለውም ከዚህ ብዙ የማይርቅ ነው። ይህን የምንጽፈው ለመመቅኘት አይደለም፤ የእኛ ልጅ ሲወድቅ የሚያርፍበት መሬት ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ እንድናስተውል ነው። የዚህኛው ቤት ልጅ ባይሳካለት አባቱ አጠገቡ ነው፤ ሌላ ኮሌጅ፣ ሌላ ዓመት ይጠብቀዋል። የእኛ ልጅ ግን ባይሳካለት በመጀመሪያ የሚመጣበት ሐሳብ «እናቴ በሰው አገር ያፈሰሰችውን ላብ ከንቱ አደረግሁት» የሚል ነው። ከውጤቱ ይልቅ ይህ ሐሳብ ልጁን ይሰብረዋል።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ልጁን ከመውቀሳችን በፊት ፈተናው እንዴት እንደተለወጠ እንወቅ። ድሮ ፈተናው የሚሰጠው ልጆቹ በሚማሩበት አካባቢ ነበር። ዩኒቨርሲቲ መግቢያውም ነጥብ በየዓመቱ እንደ ቦታው ብዛት ይወሰን ስለነበር 50 ከመቶ ሳይሞሉ የገቡ ብዙ ናቸው። በሌላ በኩል ኩረጃውና የፈተና መሰረቁ እየባሰ ሄደ፤ በ2008 ዓ.ም. እንኳ ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ መገናኛ ወጥቶ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ።

የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ግን በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከየቤታቸው ወጥተው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ እያደሩ እንዲፈተኑ ተደረገ። ማለፊያውም 50 ከመቶ ሆነ። ያን ጊዜ ከተፈተኑት ከ896 ሺህ በላይ ተማሪዎች ግማሹንና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ ሦስት ያህል ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. 27,267፣ በ2016 ዓ.ም. 36,409 አለፉ። በ2017 ዓ.ም. ከ585 ሺህ በላይ ተፈትነው 48,929 አለፉ፤ ይህም ከመቶ ስምንት ያህል ነው። ቁጥሩ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ እየተሻሻለ ቢሆንም፣ ከመቶ ልጆች ዘጠና የሚሆኑት «አልመጣልኝም» ብለው ወደ ቤት የሚመለሱበት ፈተና ነው።

ሌላም እናስተውል። በ2016 ዓ.ም. 1,363 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉውን ሲወድቅ፣ በዚያ የተማሩት ሁሉ ሰነፎች ናቸው ልንል አንችልም። መምህር የጎደለበት፣ መጽሐፍ ያልደረሰበት፣ ቤተ ሙከራ ያልታየበት ትምህርት ቤት ብዙ ነው። በዚያ ላይ ጦርነቱ አለ። የትግራይ ልጆች ለዓመታት ፈተና ሳይቀመጡ ቆይተው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ነው የተፈተኑት። በአማራ ክልልም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በተነሣው ግጭት ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው፣ ለፈተናም ሳይደርሱ የቀሩ ብዙ ናቸው። ከወሎ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር የመጣችሁ እኅቶች ይህን ከእኛ ይበልጥ ታውቁታላችሁ።

ስለዚህ «የእነ እገሌ ልጅ በ2005 ገብቶ የለም ወይ? የኔው ምን ሆነ?» ማለት ሚዛኑን ያዛባል። የዛሬው ልጅ የተፈተነው ሌላ ፈተና ነው። ይህን ስንል ያላጠና ልጅ የለም ማለታችን አይደለም፤ አለ። ነገር ግን ጥፋቱን ከመቍጠራችን በፊት ሸክሙን እንየው ማለታችን ነው።

ልጆቹ የሚደብቁን

ውጤት ሲወጣ ስልኩን የሚያጠፋ ልጅ አለ። «ገና አልተለቀቀም» እያለ ሳምንት የሚያቆየን አለ። እናቱን ላለማሳዘን «አልፌአለሁ» ብሎ ዋሽቶ፣ ከዚያ በኋላ «የዩኒቨርሲቲ ወጪ» የተላከለትን ገንዘብ ተቀብሎ ከተማ ውስጥ የሚንከራተትም አለ። እነዚህን ልጆች ስናወራቸው ንቀት እንደሌለባቸው እንረዳለን። ፈርተው ነው። የፈሩትም እኛን ሳይሆን ያበደርናቸው የመሰላቸውን ዕዳ ነው።

አገራችን «የተማረ ይግደለኝ» ስትል የኖረች አገር ናት። በዚህ ተረት ውስጥ ለትምህርት ያለን ክብር አለበት፤ ክብሩም መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ በየወሩ የምንልከውን እየቆጠረ ካደገ፣ በስልክም ስናነጋግረው የምንጠይቀው ስለ ትምህርቱ ብቻ ከሆነ፣ አንድ ቀን «ትምህርቱ ከሌለ እኔም የለሁም» ወደሚል መደምደሚያ ይደርሳል።

ከዚህ መደምደሚያ በኋላ የሚሆነውን ሁላችን እናውቃለን። ወንዱ ልጅ «እንግዲህ እኔም ልሂድ» ይላል። ደላላው ከሰፈር አይጠፋም፤ መንገዱ በጂቡቲ በኦቦክ በኩል በጀልባ ወደ የመን፣ ከየመን ደግሞ በእግር ወደ ሳዑዲ ድንበር ነው። በዚያ መንገድ ባሕር የበላቸው፣ በአጋች እጅ ወድቀው ቤተሰባቸው ቤት ንብረቱን የሸጠላቸው፣ በድንበር በጥይት የቀሩ ልጆች ወሬ በየሰፈሩ አለ። ሴቷ ልጅ ደግሞ «እማዬ፣ ቪዛ ላኪልኝና አብሬሽ ልሥራ» ትላለች። በሳዑዲ የቤት ሠራተኞች ደንብ መሠረት የቤት ሠራተኛ ዕድሜ ከ21 ዓመት ማነስ የለበትም። 12ኛን የጨረሰች የ18 ዓመት ልጅ ልትመጣ የምትችለው በፓስፖርቷ ላይ ዕድሜዋን ጨምረው ነው። ከዚያ በኋላ አንድ ነገር ቢደርስባት በወረቀት ላይ ያለችው ሴት ሌላ ናት።

እንግዲህ በውጤቱ ሳምንት የምንናገረው ቃል ተራ ቃል አይደለም። ልጁ ቤት ይቀመጥ ወይስ መንገድ ይጀምር የሚለውን ሊወስን ይችላል።

የመጀመሪያው ስልክ

አንድ የሚያግዘን ነገር አለ። የኢትዮጵያና የሳዑዲ ሰዓት አንድ ነው፤ እነሱ ዘንድ ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን እኛም ዘንድ ማታ ሁለት ሰዓት ነው። ውጤት የሚወጣበት ሰሞን መቼ እንደሆነ አስቀድመን ጠይቀን፣ በዚያ ሰሞን ልንደውል እንችላለን። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የሳዑዲ ደንብ ለቤት ሠራተኛ በሳምንት 24 ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት ይሰጣል። ይህ ዕረፍት በተግባር የተከበረላችሁ፣ ለዚያ ስልክ ብላችሁ ጊዜ ያዙለት። ያልተከበረላችሁ ደግሞ በኢሞ ወይም በዋትስአፕ የድምፅ መልእክት ላኩ፤ ልጁ ደጋግሞ ሊሰማው ስለሚችል አንዳንዴ ከስልክ ጥሪ ይሻላል።

ሲደወል የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት አገኘህ?» አይሁን። እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ልጄ፣ ውጤት መውጣቱን ሰምቻለሁ። አንተ እንዴት ነህ? ምሳ በላህ? ከማን ጋር ነህ?» እሱ «እማዬ፣ አልመጣልኝም» ሲል ደግሞ፦ «እሺ የኔ ጌታ። ያስለቅሳል፤ አልቅስ። እኔ ግን የወለድኩህ ለፈተና አይደለም። ዛሬ ምንም አንወስንም፤ በሚመጣው ዓርብ ተረጋግተን እንነጋገራለን።» ታላቅ እኅት የሆነችም ለታናሿ፦ «እትዬ ልታዝንብኝ ነው ብለሽ አትጨነቂ። የላክሁት ብር ለአንቺ ነበር፤ ለወረቀቱ አልነበረም» ልትላት ትችላለች።

በዚያ ቀን ልንተዋቸው የሚገቡ ቃላትም አሉ። «በዚህ በረሃ የምቃጠለው ለማን መሰለህ?» የሚለው አንዱ ነው። እውነት ነው፤ የምንቃጠለው ለእነሱ ነው። ነገር ግን ልጁ ያውቀዋል፤ ያን ቀን ሌላ የሚያስበው የለውም። «የጎረቤቱን ልጅ አታይም?» የሚለውም እንደዚሁ። ከሁለቱ ይልቅ የከፋው ግን ዝምታ ነው። ተናድደን ሳምንት ብንዘጋው ልጁ ዝምታውን በራሱ መንገድ ይተረጉመዋል።

ልጁን ያሳደጉትን አያቱን ወይም አክስቱንም እንደውልላቸው። እነሱም «ልጅሽን አላስተማርንልሽም» ብለው ያፍራሉ። «እናቴ፣ ልጄን ስላቆያችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ በዚህ ሳምንት ብቻውን አይደር» ብንላቸው ሁለት ሥራ እንሠራለን። ልጁ የማይበላ፣ የማይተኛ፣ ከሰው የሚሸሽ፣ ይልቁንም ስለ መሞት የሚናገር ከሆነ ቀልድ ነው ብለን አንለፈው። የሚያምነው ሰው አጠገቡ ይሁን፤ ገመድ፣ መድኃኒትና የተባይ ማጥፊያ ከቤት ይራቅ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታልም ይወሰድ። ይህ የእምነት ማነስ ወይም የእብደት ምልክት ሳይሆን እንደማንኛውም ሕመም ሐኪም የሚያየው ሕመም ነው።

ከዚያስ ወዴት?

ከሳምንት በኋላ ልብ ሲረጋጋ መንገዶቹን መቍጠር ይቻላል። ዩኒቨርሲቲ አለመግባት የመንገዱ መጨረሻ አይደለም። ለገንዘባችን ጥንቃቄ እንዲሆነን አንድ በአንድ እንያቸው።

አንደኛው የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ነው፤ ልጆቹ «ሪሚዲያል» የሚሉት። የተጀመረው በ2015 ዓ.ም. ሲሆን በመጀመሪያው ዓመት 50 ከመቶ ካላመጡት መካከል ከ100 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተመርጠው ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። ለወራት ተምረው፣ ዩኒቨርሲቲው በሚሰጣቸው ምዘናና ከማዕከል በሚመጣው ፈተና 50 ከመቶ ያገኙት አንደኛ ዓመት ይጀምራሉ። ለሪሚዲያል የሚያበቃው ነጥብ በየዓመቱ ስለሚለያይ የዓመቱን ማስታወቂያ ከትምህርት ሚኒስቴር መጠበቅ እንጂ በአምናው መቁረጥ አይገባም። ስለዚህ ልጁ «300 አልሞላልኝም» ቢል፣ ከ600 ስንት እንዳገኘ በእርጋታ ጠይቁት፤ ለጥቂት የቀረው ልጅ ገና ዕድል ሊኖረው ይችላል።

ሁለተኛው በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ እንደገና መፈተን ነው። ይህ የሚጠቅመው ልጁ ራሱ ከፈለገና ዓመቱን ሙሉ ለማጥናት የሚያስችለው ቦታና መጽሐፍ ካለው ነው። ልጁ ሳይፈልግ እኛ ብናስገድደው አንድ ዓመት ከነገንዘቡ ይሄዳል።

ሦስተኛው ቴክኒክና ሙያ ነው። በብዙዎቻችን ዘንድ «የወደቀ ልጅ ቤት» ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። እስቲ በዚህ አገር ዙሪያችንን እንመልከት። ኤሲው ሲበላሽ ማን ይጠራል? የቧንቧ ሠራተኛው፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ የመኪናው ጠጋኝ ማን ናቸው? እጃቸው ላይ ሙያ ስላለ በአንድ ሰዓት የሚቀበሉትን እኛ በስንት ቀን እናገኘዋለን? በአገራችን ሥልጠናው በደረጃ ተከፍሎ ይሰጣል፤ በብቃት ምዘና የሚያልፍም የምስክር ወረቀት ይይዛል። በአዲስ አበባ የተግባረ እድ፣ በወሎ ደግሞ የኮምቦልቻ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጆችን ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ልጁ የሚወደው ሙያ ከሆነ፣ ሲመረቅ ለመሣሪያ መግዣ የምናስቀምጥለት ጥቂት ሺህ ብር ከማንኛውም የዲግሪ ክፍያ ይበልጥ ፍሬ ሊያፈራ ይችላል።

አራተኛው የግል ኮሌጅ ነው፤ እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። ጥሩ የግል ኮሌጆች አሉ። ነገር ግን የማለፊያ ውጤት ሳይኖርህ ዲግሪ እናስጀምርሃለን የሚል ቢመጣ መጀመሪያ ፈቃዱን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ፤ የሚታየውም የኮሌጁ ስም ብቻ ሳይሆን የትምህርት ክፍሉና ልጁ የሚማርበት ቅርንጫፍ ጭምር ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ዲግሪ ለመያዝ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከተፈተኑት ከመቶ 62 ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት ከመቶ 17 ያህሉ ነበሩ። አራት ዓመት ከፍላችሁ በመጨረሻው በር ላይ እንዳትቆሙ፣ ከመክፈላችሁ በፊት «በመውጫ ፈተና ስንት ተማሪ አሳለፋችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ የቤተሰብ ሰው ላኩ። መልሱን መስጠት ያልፈለገ ኮሌጅ መልሱን ሰጥቷል።

በመጨረሻም አንድ ነገር አጥብቀን እናሳስባለን። የዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚሰጠው በትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ በክፍያ የሚገዛ አይደለም። «ውጤት አስተካክላለሁ»፣ «ምደባ አስቀይራለሁ»፣ «የውጭ አገር ነጻ ትምህርት አለኝ፤ መመዝገቢያ ብቻ ላኩ» የሚል ሰው ሲደውል ስልኩን ዝጉ። እንዲህ ያለው ሰው እናት ውጭ አገር ያለችበትን ቤት አጣርቶ ነው የሚመጣው።

ለመጣለት ልጅ

ውጤት ለመጣለትም ቤት ሐሳብ አያልቅም። ልጁ ምርጫውን ቢሞላም የሚመደበው ሩቅ ሊሆን ይችላል፤ የደሴው ልጅ ጅማ፣ የአርባ ምንጩ ጎንደር። መንገዱ የሚያስፈራበት ዘመን ስለሆነ እናት ብትጨነቅ አይፈረድባትም። ልጁ ብቻውን አይጓዝ፤ ወደዚያው ከሚሄዱ ተማሪዎች ጋር በቀን ይሂድ፤ ሲነሣና ሲደርስ የሚደውልለት አንድ ሰው ይኑር። ዩኒቨርሲቲው መኝታና ምግብ ይሰጣል፤ ወጪውንም ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ በተደነገገው የወጪ መጋራት ልጁ ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ይከፍላል። ስለዚህ በመጀመሪያው ወር ብርድ ልብሱ፣ አንሶላው፣ ደብተሩና የትራንስፖርቱ ከተሟሉ ይበቃል። ብዙ ብር በአንድ ጊዜ ከመላክ ጥቂት ጥቂቱን በየወሩ መላክ ይሻላል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲን የሚመኝ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና እንደሚሰጥ ይወቅ።

ልጇ ያለፈላት እኅትም ለጓደኛዋ ታስብላት። በማኅበሩና በእቁቡ መካከል የምሥራቹን ስታወራ አጠገቧ የተቀመጠችው የልጇ ስልክ ለሦስት ቀን የጠፋባት ልትሆን ትችላለች። ደስታን መደበቅ አያስፈልግም፤ ነገር ግን በኋላ ለብቻ ደውሎ «የአንቺስ ልጅ እንዴት ነው?» ማለት ዋጋው ብዙ ነው።

ሌሎችስ እንዴት ያደርጋሉ?

ይህ ጭንቀት የእኛ ብቻ አይደለም። በደቡብ ኮርያ በመግቢያ ፈተናው ቀን የእንግሊዝኛ ማዳመጥ ሲሰጥ ተማሪው እንዳይረበሽ አውሮፕላን እንዳይነሣና እንዳያርፍ ይደረጋል። አንድ አገር በሙሉ ለልጆቹ ትንፋሹን ይይዛል ማለት ነው። እዚህ ኮባር ውስጥ አብረውን የሚሠሩት የፊሊፒንስ እኅቶች ደግሞ «ኦዋ» የሚሉት የውጭ አገር ሠራተኞች ደኅንነት መሥሪያ ቤት አላቸው። አባል የሆነች ሠራተኛ ልጅ ፈተናውን ካለፈ በየዓመቱ ለኮሌጅ ትምህርቱ የሚረዳ ገንዘብ ያገኛል። በተጨማሪም በ2017 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻቸው የመማሪያ ክፍያ ቀርቷል።

ከእነሱ የምንማረው ነገር መደራጀትን ነው። እኛም እቁብ አለን፤ ማኅበር አለን። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። አሥር እኅቶች በየወሩ 20 ሪያል ቢያስቀምጡ በዓመት 2,400 ሪያል ይሆናል። በዚህ ገንዘብ በየዓመቱ ውጤት ላልመጣለት የአንዷ ልጅ የሙያ መሣሪያ ሊገዛ፣ ወይም ከመካከላችን ደመወዟ ለተያዘባት እኅት ልጅ የመንገዱ ወጪ ሊሸፈን ይችላል። ገንዘቡ በአንድ ሰው እጅ ብቻ እንዳይሆን ሁለት ሦስት ሆኖ መያዝ፣ ደብተሩንም በየወሩ ለሁሉም ማሳየት ነው።

ስለ ራሳችንም

እኅቶቻችን፣ ልጁን ስናጽናና የራሳችንን ልብ እንዳንረሳ። ከመካከላችን ብዙዎች ትምህርት ያቋረጥን ነን። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቢያንስ 8ኛ ክፍልን ማጠናቀቅ ይጠይቅ ነበር፤ ለስንቶቻችን 8ኛ ክፍል የትምህርታችን መጨረሻ ሆኖ ቀረ። ልጃችን ሲወድቅ የሚያስለቅሰን የእሱ ውጤት ብቻ ሳይሆን ያ የተዘጋ ደብተርም ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም የራሳችንን ሐዘን ከልጁ ጥፋት ጋር ቀላቅለን በአንድ ላይ እንዳናወርድበት ይጠብቀናል። የሚያለቅስ ልብ ይዛችሁ ሰሐን ላይ ብቻችሁን አትቁሙ። ለአንዲት ታማኝ ጓደኛ ንገሩ፤ የምትጸልዩ ጸልዩ፤ እንቅልፍ የነሣችሁም ከሆነ ከሰው ጋር ተመካከሩ።

ድካማችንም ከንቱ አልሆነም። በላክነው ብር ልጁ 12 ዓመት በልቶ፣ ለብሶ፣ ታክሞ፣ ፊደል ቆጥሮ አድጓል። አያቱ መድኃኒት ገዝታበታለች፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ሆኗል። ይህን የትኛውም ፈተና ሊሰርዘው አይችልም። በአንድ ሳምንት የተሰጠ ፈተና አንድ ልጅ በዚያ ሳምንት ስድስት የትምህርት ዓይነቶችን እንዴት እንደሠራ ይናገራል። ደግነቱን፣ ለአያቱ ውኃ መቅዳቱን፣ ታናሹን ማስጠናቱን፣ የተሰበረ ራዲዮ መጠገኑን ግን አይለካም። እነዚህን የምናውቃቸው እኛ ነን፤ በስልክ ልንነግረው የሚገባንም እኛው ነን።

ውጤት የሚወጣበት ሰሞን ከመድረሱ በፊት፣ በሚመጣው ዓርብ ስትደውሉ አንድ ነገር ንገሯቸው፦ «የመጣውም ይምጣ፣ የቀረውም ይቅር፤ ስልክህን አታጥፋብኝ። ስደውል አንሣልኝ፤ አብረን እናስብበታለን።» ይህን ቃል አስቀድሞ የሰማ ልጅ «እማዬ፣ አልመጣልኝም» ለማለት አይፈራም። ያልፈራ ልጅ ደግሞ ደላላ ዘንድ ሳይሄድ በመጀመሪያ ወደ እናቱ ይደውላል።